«አጠናቀቀ» የሚባል ሞት፦ የካዙኦ ኢሺጉሮን «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» ገዝቶ ለሚያነብ

የመጀመሪያው ገጽ የሥራ ማመልከቻ ይመስላል። ካቲ ኤች የምትባል ሴት ዕድሜዋ 31 እንደሆነ፣ በአስታማሚነት ከ11 ዓመት በላይ እንደሠራች፣ እሷ የያዘቻቸው «ለጋሾች» ከሌሎቹ ፈጥነው እንደሚያገግሙ ትናገራለች። በሥራዋ ትኮራለች። የአባት ስም የላትም፤ ከስሟ ቀጥሎ ያለው አንዲት ፊደል ብቻ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ አታብራራም፤ ምክንያቱም የምታወራው ለእኛ አይደለም፤ እንደ እሷ በሌላ ቦታ ላደገ፣ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ነው። እናንተ ያላችሁበት እንዴት እንደነበር አላውቅም እያለች ታልፋለች። አንባቢው ሳይጠየቅ ከለጋሾቹ ወገን ተቆጥሯል ማለት ነው።

ከዚህ በታች የታሪኩ ምሥጢር ይገለጣል። ምንም ሳያውቅ ማንበብ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ያቁምና መጽሐፉን ይግዛ፤ የጀርባ ሽፋኑንም አያንብብ።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2005 በፌበር ኤንድ ፌበር ታተመ። በዚያው ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ሳያሸንፍ ቀረ። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1954 ናጋሳኪ ተወልዶ በ5 ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ እንግሊዝ የመጣ ሲሆን፣ በ2017 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀብሏል። መጽሐፉ ሦስት ክፍልና 23 ምዕራፎች አሉት። እንደ እትሙ ከ260 እስከ 290 ገጽ ይደርሳል። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በደንብ የጨረሰ ሰው መዝገበ ቃላት ሳያበዛ ያነበዋል። የሚከብደው ቃሉ አይደለም፤ ካቲ አንድ ነገር ጀምራ «ይህን ለማስረዳት ግን ቀደም ብሎ የሆነውን ማንሳት አለብኝ» በሚል ዓይነት ወደ ኋላ የምትመለስበት መንገድ ነው። በቀን 12 ገጽ የሚያነብ ሰው በ24 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ቢፈጥን አይጠቅመውም።

ይህ መጽሐፍ «ቢሆንስ?» ብለው ከሚነሡ ልብ ወለዶች አንዱ ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ጠቅልለን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እንላቸዋለን። ያ ስም ግን አንባቢውን ወደተሳሳተ ቦታ ይመራዋል፤ መንኮራኩርና ሮቦት ይጠብቃል፣ ካጣ ደግሞ ተታለልኩ ይላል። ካናዳዊቷ ደራሲ ማርጋሬት አትውድ በእጃችን ባለው ነገር ሊሆን የሚችለውን የሚጽፈውን ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለይታ ታየዋለች። አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለ ጉዊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን መለያየት ነቅፋ ጽፋለች። እሷ ከዚያ ብዙ ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ሥራ መጪውን መተንበይ ሳይሆን ያለውን መግለጽ ነው ብላ ነበር። ለኢሺጉሮ መጽሐፍ ይህ የለ ጉዊን አነጋገር የተሻለ ቁልፍ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው እንግሊዝ የ1990ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ናት። ሰው በተራ መኪና ይሄዳል፣ ቤንዚን ማደያ ላይ ይቆማል፣ ሙዚቃ በካሴት ይሰማል፣ ውልዎርዝ የሚባል ሱቅ ገብቶ ዕቃ ያያል። የተለወጠው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰውን በቅጂ ማባዛት ተችሎ፣ ቅጂዎቹ አድገው የሰውነት ክፍላቸው እየተወሰደ ለሌሎች መድኃኒት ይሆናል። በቅጂ የተባዛችው ዶሊ የምትባለው በግ ኤዲንብራ አጠገብ በሮዝሊን ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 ተወልዳ ወሬው በ1997 ሲሰማ ዓለም ስለ ቴክኒኩም ብዙ ተከራክሮ ነበር። ኢሺጉሮ ቴክኒኩን አንድ አንቀጽ እንኳ አልሰጠውም። ላቦራቶሪ የለም፤ ቀዶ ጥገና የሚታይበት ትዕይንት የለም። አንባቢው መመልከት ያለበት የተለወጠውን አንድ ሕግ ሳይሆን ሕጉ ተለውጦ ሳለ እንዳለ የቀጠለውን ሌላውን ሁሉ ነው፤ ትምህርት ቤቱን፣ መዝሙሩን፣ የቢሮ ቋንቋውን፣ የሰዎቹን ጨዋነት። ሕብረተሰቡ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ካቲ፣ ሩት እና ቶሚ ሄልሻም በሚባል የገጠር አዳሪ ትምህርት ቤት ያድጋሉ። ሞግዚቶች ያስተምሯቸዋል። በየሳምንቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የጤና ምርመራ አላቸው። በዓመት አራት ጊዜ «ልውውጥ» ይደረጋል፤ የሣሉትንና የሠሩትን አቅርበው በሚያገኙት ቶክን አንዱ የሌላውን ሥራ ይገዛል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በነጭ መኪና የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቀን አለ። ከሥዕሎቹ ምርጦቹን ማዳም የምትባል ሴት እየመጣች ትወስዳለች፤ ለምን እንደሆነ አይነገራቸውም። ሲያድጉ ጎጆዎቹ ወደሚባል አሮጌ የእርሻ ግቢ ይሄዳሉ። ከዚያ አስታማሚ፣ ቀጥሎ ለጋሽ ይሆናሉ፤ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ልገሳ «ያጠናቅቃሉ»።

ይህ «አጠናቀቀ» የሚለው ቃል ነው የመጽሐፉ ምሰሶ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ለጋሾቹ መጨረሻ ሲወራ አንድም ሰው «ሞተ» ለማለት አይቸኩልም። አማርኛ አንባቢ ለዚህ ከሌሎች የተዘጋጀ ይመስለኛል። «አረፈ»፣ «ተለየን» እያልን የምንናገረው ለሐዘንተኛው ብለን ነው፤ ያ የደግነት ቃል ነው። ሌላ ዓይነትም እናውቃለን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ነበር። እርምጃ ልጅ እግሩን ሲያነሣ የምንለው ቃል ነው፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም ይጠቀምበታል። በሬዲዮ ሲነበብ ማንም አልገደለም፣ ማንም አልሞተም፤ አንድ ሥራ ብቻ ተሠርቷል። የኢሺጉሮ «አጠናቀቀ» የሚሠራው እንዲሁ ነው። «አረፈ» ሐዘንን ያለሰልሳል፤ «እርምጃ ተወሰደበት» ግን ገዳዩን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያስወጣዋል። ይህን ልዩነት የያዘ አንባቢ መጽሐፉን ከግማሽ በላይ ገብቶታል።

ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር ሳይዙ ይህን መጽሐፍ መጀመር ኪሳራ ነው። አንድ ገጽ በሦስት ዓምድ ይከፈል፤ በመጀመሪያው ቃሉ፣ በሁለተኛው መጀመሪያ የመጣበት ምዕራፍ፣ በሦስተኛው ቃሉን ማን እንደተናገረው። ስምንት ያህል ቃላት ይበቃሉ፦ አስታማሚ፣ ለጋሽ፣ ማጠናቀቅ፣ ሞግዚት፣ ተማሪ፣ መሰል፣ ማራዘሚያ፣ ኖርማሎች (ቅጂ ያልሆኑት ተራ ሰዎች)። ከዘጠነኛው ምዕራፍ በኋላ ሦስተኛው ዓምድ ሲታይ ቃላቱን በብዛት የሚናገሩት ተጎጂዎቹ ራሳቸው ሆነው ይገኛሉ፤ አፋቸው ላይ ለምደዋቸዋል።

በአማርኛ እያሰቡ ማንበብ እዚህ ላይ ይረዳል። «አስታማሚ» በሆስፒታል ደጅ ምሳ ይዞ የሚቆመው፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር ጋቢ ተከናንቦ የሚያድረው ዘመድ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ይህን ሁሉ ሙቀት አይሸከምም፤ በአማርኛ ሲነበብ ግን ካቲ ስንት ጓደኞቿን እንደዚያ እንዳስታመመች፣ ነገ ደግሞ እሷ በተራዋ እዚያው አልጋ ላይ እንደምትተኛ ይከብዳል። «ለጋሽ» የሚለው ቃል ቸርነትን ይናገራል፤ ደም የሚለግስ ሰው ወዶ ነው። እነዚህ ግን አልተጠየቁም። ለማጠናቀቅ «ፈጸመ» የሚለውን የሚመርጥ ተርጓሚ ይሳሳታል፤ «ተፈጸመ» የጌታ የመስቀል ቃል ስለሆነ ሞታቸውን መሥዋዕትነት ያስመስለዋል። «አጠናቀቀ» ግን የሪፖርት ቃል ነው፤ መንገድ ይጠናቀቃል፣ በጀት ዓመት ይጠናቀቃል። ቀዝቃዛው ቃል ነው ትክክለኛው። ርዕሱም «ፈጽሞ አትልቀቀኝ» እንደማለት ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ካቲ በካሴት የምትሰማው ዘፈን ነው። እንግሊዝኛው ውዱንም ሕፃኑንም በአንድ «ቤቢ» ይጠራል። ካቲ ዘፈኑን መውለድ አትችልም የተባለች ሴት ሕፃን አግኝታ የምትዘፍንለት አድርጋ ትሰማዋለች፣ ትራስ አቅፋም ትወዛወዛለች። አማርኛችን ጾታ ስለሚጠይቅ «አትልቀቀኝ» ብሎ ሕፃኑን ወንድ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ግን ሁለቱም ፍቺ ይቆማል።

የመጽሐፉ ልብ ሰባተኛው ምዕራፍ ነው። ሚስ ሉሲ የምትባለው ሞግዚት ዝናብ በሚዘንብበት ቀን፣ አንድ ልጅ አሜሪካ ሄዶ ተዋናይ ስለመሆን ሲያወራ ሰምታ ታቋርጠዋለች። ተነግሯችኋል፣ ግን አልተነገራችሁም ትላቸዋለች፤ አሜሪካም እንደማይሄዱ፣ ሱቅ ውስጥም እንደማይሠሩ፣ ሕይወታቸው ምን እንደሆነ በግልጽ ታስረዳቸዋለች። ልጆቹ ምን አደረጉ? ስለ ሚስ ሉሲ ጠባይ አወሩ እንጂ ስለተናገረችው ነገር ብዙም አላወሩም። ያውቁት ነበር። ቶሚ በኋላ የሚያቀርበው ማብራሪያ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፦ ሞግዚቶቹ እያንዳንዱን ነገር የነገሩን ለመረዳት ትንሽ ቀደም ባለ ዕድሜ ላይ ነው ይላል። ነገሩ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል፣ ግን ተመርምሮ አይገባም። ስለ ልገሳ የተነገራቸው ስለ ወንድና ሴት ግንኙነት ከሚሰጠው ትምህርት ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ አሥራዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ከሁለቱ የቱን በጉጉት እንደሚሰማ ግልጽ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የሚታይባቸው መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍቱ የሉም፤ የሸርሎክ ሆምስ ታሪኮች እንኳ በዚህ ምክንያት የሉም። ለጤናቸው ነው ይባላል። ለጤናቸውም ነው፤ ጤናው ግን የማን ንብረት እንደሆነ አይነገርም።

በዚሁ ምዕራፍ ሌላ ቦታ፣ በክፍል ውስጥ ስለ ጦር እስረኞች ካምፕ ሲወራ አንድ ተማሪ አጥሩ ኤሌክትሪክ እንደነበረው ይጠይቃል። ልጆቹ ይሣሣቃሉ። ሚስ ሉሲ በቀስታ፣ የሄልሻም አጥር ኤሌክትሪክ ባይኖረው ነው የሚሻለው የሚል ነገር ታጉተመትማለች። ከካቲ በቀር የሰማት ያለ አይመስልም። ይህን ሁለት መስመር ዘሎ ያለፈ አንባቢ «ለምን አያመልጡም?» እያለ እስከ መጨረሻው ይቸገራል። አጥሩ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ሲያድጉ ካቲ የራሷ መኪና አላት፤ አገሩን ሁሉ ብቻዋን ትነዳለች። ሩት የምትተኛበት ማገገሚያ ዶቨር ውስጥ ነው፤ ዶቨር ደግሞ መርከብ ወደ ፈረንሳይ የሚሻገርበት ወደብ ነው። ካቲ እዚያ ደጋግማ ትሄዳለች። ባሕሩን ስለመሻገር አንዲት ቃል አይወጣትም። ደራሲው ይህን አላሰመረበትም፤ አንባቢው ካርታ ከፍቶ ራሱ ማየት አለበት።

ጭካኔው በጨዋ ቃል እንዴት እንደሚኖር ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ምሳሌ አያስፈልገውም። ስለ ቤት ሠራተኛ ሲወራ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፦ «እንደ ልጃችን ናት»። ብዙ ጊዜ ከልብ ይባላል። የደመወዝ፣ የእረፍት ቀን፣ ማታ ትምህርት የመሄድ፣ የመኝታ ክፍል ጥያቄ ሲነሣ ግን «እንደ» የምትለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ከልጅነቱ አጥር ውጭ ታቆማታለች። የደመወዝ ጥያቄን ከልጅ የማይጠበቅ ድፍረት የምታደርገውም ያችው ቃል ናት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ «ስፖንሰር» የሚለው ቃል፣ በሌላ ቦታ ገንዘብ የሚረዳ ሰው የነበረው፣ የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ በስሙ የተሣሠረበት አሠሪ ማለት ሆኗል። መጽሐፉ ስለ እነዚህ ሴቶች አልተጻፈም፤ እንደዚያ ብሎ ማንበብም ልክ አይሆንም፤ ደመወዝ መጠየቅ የምትችል ሴትና ኩላሊቷ የሚወሰድባት ቅጂ አንድ አይደሉም። የሚገናኙት በቃሉ አሠራር ነው፤ የሚጠቀመው ወገን ደግ ሆኖ እንዲተኛ የሚያደርግ ቃል ይመረጣል፣ ያ ቃል ከዚያ በኋላ ለጥያቄ ቦታ አይተውም።

ደጎቹ ሰዎች በሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ ይገለጣሉ። ካቲና ቶሚ እውነተኛ ፍቅር ላላቸው ጥንዶች ልገሳው በሦስት ወይም በአራት ዓመት ይራዘማል የሚል ወሬ ይዘው ሊትልሃምፕተን ያለው የማዳም ቤት ይሄዳሉ። ማራዘሚያ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ሥዕሎቹ የተሰበሰቡት ልጆቹ ነፍስ እንዳላቸው ለውጭው ዓለም ለማሳየት ነበር። የሄልሻም ኃላፊ የነበረችው ሚስ ኤሚሊ፣ አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለች፣ ይህን ስታስረዳ ዕውነቷን ነው፤ በዘመኗ ከነበሩት ሁሉ ለእነዚህ ልጆች የተሻለ የሠራች እሷ ናት። ካንሰር መዳን እንደሚችል የለመደ ዓለም ወደ ኋላ ተመለስ ቢባል እንዴት እሺ ይላል ትላለች። በዚህ ሁሉ መሀል ግን ሐሳቧ አንድ የአልጋ ጎን ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ ሊወስዱት የሚመጡት ሰዎች በጥንቃቄ እንዲይዙት ትፈልጋለች። ሁለት ወጣቶች የሞት ቀጠሯቸው እንደማይራዘም በሚሰሙበት ክፍል ውስጥ ስለ ቁም ሣጥን ይታሰባል። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሕብረተሰብ ትንተና የለም፤ ክፉ ሰው ሳያስፈልግ ክፉ ነገር እንዴት እንደሚቆም በአንድ የቤት ዕቃ ታይቷል።

ድክመቶቹም መነገር አለባቸው። ይኸው ሃያ ሁለተኛ ምዕራፍ ከአሠራር አንጻር የመጽሐፉ ደካማ ቦታ ነው። ለ21 ምዕራፍ በጥቆማ የመጣው ነገር ሁሉ በአንድ ሰው አፍ በረጅሙ ይነገራል፤ የተሻሻሉ ልጆችን ለመፍጠር የሞከረው ሞርኒንግዴል የተባለ ሳይንቲስት ጉዳይም በችኮላ ገብቶ ይወጣል። ሁለተኛው ክፍል፣ ከምዕራፍ 10 እስከ 17፣ ይጎተታል፤ በተለይ ወደ ኖርፎክ ከሚደረገው ጉዞ በፊት ያሉት ሁለት ምዕራፎች። ካቲ «ይህን በኋላ እመለስበታለሁ» በሚል ዓይነት የምዕራፍ መዝጊያ በብዛት ስለምትጠቀም መሀል ላይ ዘዴው ይታወቃል። ሩት ግን በዚህ ክፍል ከሁሉም የበለጠ ሕያው ናት። እሷ ክሮመር ከተማ ውስጥ «መሰሏ» ሊሆኑ የሚችሉትን፣ የተቀዳችባቸውን ሴት፣ በመስኮት አይታ ተስፋ ካደረገች በኋላ ስትቆጣ፣ የተቀዳነው ማንም ከማይፈልጋቸው ሰዎች ነው ብላ ስትናገር፣ የመጽሐፉ ብቸኛው ግልጽ ቁጣ ከቶሚ የመጨረሻ ጩኸት በፊት ይሰማል። አንባቢ በዚህ ክፍል ቢሰለች ከምዕራፍ 12 ወዲያ እስከ 15 እንዲታገሥ ይመከራል።

ፊልሙን አስቀድሞ ማየት መጽሐፉን ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ፊልም ገና ሲከፈት በጽሑፍ በ1952 የሕክምና ግኝት እንደተገኘ፣ በ1967 ደግሞ የሰው አማካይ ዕድሜ ከ100 እንዳለፈ ይናገራል። ደራሲው ሰባት ምዕራፍ የደበቀው በሁለት ዓረፍተ ነገር ወጣ። ከዚህ የባሰው፣ ፊልሙ ልጆቹ ሲገቡና ሲወጡ የሚያስነኩት የእጅ አምባር ጨምሯል። አምባር ያለበት ዓለም ውስጥ የማያመልጡበት ምክንያት አምባሩ ይሆናል። በመጽሐፉ ግን አምባር የለም፤ ያ ነው የሚያስፈራው።

ከእኛው ሥነ ጽሑፍ አጠገቡ መቀመጥ ያለበት የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ታትሞ የታገደ ልብ ወለድ ነው። እሱም የሚለውጠው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ገና ያልተወለደ ልጅ ከማኅፀን ሆኖ ይናገራል። የሚናገረውም ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ነው፤ ድህነቱንና ጭቆናውን አስቀድሞ አውቆ እምቢ ይላል። የተቀረው ዓለም እንደነበረ ነው፤ መጽሐፉን ያሳገደውም ተናጋሪው ሕፃን ሳይሆን ይህ እንደነበረ የቀረው ዓለም ነው። ሁለቱን ተከታትሎ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ነገር አለ። የአቤ ልጅ ከመወለዱ በፊት ሁሉንም ስለሚያውቅ መከራከር ይችላል። የኢሺጉሮ ልጆች ዕውቀቱ በጠብታ፣ ሁልጊዜ ከዕድሜያቸው ትንሽ ቀድሞ ስለተሰጣቸው መከራከሪያው ቦታ ራሱ የላቸውም። «አልወለድም»ን መጀመሪያ ማንበብ ይሻላል፤ እምቢታ እንዴት እንደሚሰማ ጆሮ ከለመደ በኋላ የካቲ ዝምታ የበለጠ ይሰማል።

ለንባብ ክበብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው፣ አራት ስብሰባ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ለመጀመሪያው ምዕራፍ 1 እስከ 5፣ ለሁለተኛው 6 እስከ 9፣ ለሦስተኛው 10 እስከ 17፣ ለአራተኛው 18 እስከ 23 ይነበብ። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ምዕራፍ ቢያንስበት አይገርምም፤ ሰባተኛው ምዕራፍ ብቻውን ግማሹን ሰዓት ይወስዳል፣ የሚስ ሉሲን ንግግር አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነበው ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ «ለምን አያመልጡም?» የሚለውን ጥያቄ ማገድ ያስፈልጋል። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ግን ቀድሞ ከመጣ ሰው ሁሉ እኔ ብሆን አመልጥ ነበር እያለ ስለ ራሱ ጀግንነት ይከራከራል፣ ጽሑፉ ይረሳል። ለሦስተኛው ስብሰባ ይቆይ፤ ያኔ በእያንዳንዱ ሰው ደብተር ውስጥ ስምንቱ ቃላት ስላሉ መልሱ ከመጽሐፉ ይመጣል። ሌላው የሚያበላሸው ሳይንሱን መፈተሽ ነው፤ ስንት የሰውነት ክፍል ተወስዶ ሰው ይኖራል፣ ልቡ በስንተኛው ልገሳ ነው የሚሉ ጥያቄዎች ሌሊቱን ይጨርሳሉ። ደራሲው መልስ አላስቀመጠም፤ ሐኪም በክበቡ ውስጥ ካለ ደግሞ ይብሳል።

ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። ወርቁን ፈጥኖ አግኝቶ ሰሙን መጣል እዚህ አይሠራም። «ቅጂዎቹ ድሆች ናቸው»፣ «ሄልሻም ትምህርት ሥርዓቱ ነው» ብሎ አንድ ፍቺ ላይ መቆም ካቲን፣ ሩትን፣ ቶሚን ምልክት ያደርጋቸዋል፤ መጽሐፉ ደግሞ የሚከሰው ሰውን ወደ መገልገያ መለወጥን ነው። የቶሚን ትናንሽ እንስሳት፣ እንደ ማሽን በጥቃቅን መስመር የሣላቸውን፣ እንደ ሥዕል ማየት ይገባል፤ ሥዕሎቹ ምንም ነገር ማስረዳት አይጠበቅባቸውም። እሱ ራሱ ነፍሱን ሊያስመሰክርባቸው ተሸክሟቸው ሄዶ የከሰረው ለዚህ ነው።

በአራተኛው ስብሰባ መጨረሻ፣ ሻይ ከመቅረቡ በፊት፣ የመጀመሪያው ገጽ እንደገና ይነበብ። ካቲ እዚያ ላይ አንድ ቁጥር ተናግራለች፤ በአስታማሚነት እንድትቀጥል የተፈለገው ለስምንት ወር ብቻ ነው፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ፣ ያኔ 12 ዓመት ሊሞላት ነው። በመጀመሪያ ንባብ ይህ ሥራ የሚለቅ ሰው ወሬ ነበር። አሁን በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ከዚያ በኋላ የትኛው ቃል እንደሚመጣ ያውቃል።